ደብሪቱ ሚስማር ያገኘች ዕለት

እኛ ደሴዎች፣ ሰው ጥፋቱን ካለበት ትቶ ከሌለበት ሲፈልግ ባየን ቁጥር የምንላት አንዲት አባባል አለችን። የዛሬ ልጆች ከጥንት አባቶች የወረደች ይመስላቸዋል። ኧረ ወዲያ! ስትወለድ እዚያው ነበርኩ፤ ዳቦ እንደ ጎረስኩ ነው የሰማኋት።

ጎረቤቴ ሐጂ ይማም ሳሎናቸውን ለአሮጌ ሰዓት ወዳጆች ማኅበር ሰጥተው ነበር። ማኅበርተኞቹ በየሰንበቱ ይሰበሰቡና ከአያት የተረፈውን፣ ከጓሮ ተጥሎ የተገኘውን የግድግዳ ሰዓት ሁሉ ሲፈቱና ሲገጥሙ ይውላሉ። እኔ እንኳ ሰዓት የለኝም፤ ፀሐይ ትበቃኛለች። የምሄደው ለወሬውና ለሚቀርበው ነገር ነው፤ ምን ይደበቃል።

ማኅበሩ አንድ ሥርዓት ነበረው። አዲስ አባል ሚስማር ይሰጠዋል። ሰዓቱን በተሰጠው ሚስማር ላይ ይሰቅላል፤ ከስብሰባ እስከ ስብሰባ ሳይቆም ከሄደለት ሚስማሩ የእሱ ነው፤ ከቆመበት ግን ሰዓቱን ታቅፎ ወደ ቤቱ። ሚስማር ያገኘ ሰው ታዲያ በከተማው አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚሄደው። "እከሌ እኮ ባለ ሚስማር ነው" ይባልለታል።

ይህን ሚስማር ደብሪቱ ፈለገችው። ደብሪቱ የዳቦ ጋጋሪው የአቶ ወልዴ ልጅ ናት። አባቷ በሕይወት ሳሉ ዳቦ ቤታቸው ውስጥ አንድ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሎ ነበር፤ ሊጡ የሚቦካው፣ ምድጃው የሚከፈተው፣ ሰፈሩም የሚነሳው በእሱ ደወል ነው። እሳቸው ሲሞቱ ዳቦ ቤቱ ተዘጋ፤ ሰዓቱም ዝም አለ። ደብሪቱ ከስንት ዘመን በኋላ ያንን ሰዓት ከተጋገረበት ዱቄት አጸዳችው፤ የተበጠሰ ሞላውን ቀየረች፤ ጥርሶቹን በገዛ እጇ አንድ በአንድ አጥባ ነፍስ ዘራችበት።

"አባቴን ሰው ረሳው" ትል ነበር። "ይኼ ሰዓት ከነዚያ ሁሉ ሰዓቶች መሀል ሆኖ ሲደውል አንድ ሰው እንኳ ቢያስታውሰው ይበቃኛል።"

ባዶ የነበረው ሚስማር አንድ ብቻ ነው፤ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ገደል በሚያመለክተው ግድግዳ ላይ። ሰቀለችበት። ሰዓቱ ገና ሻይ ሳይቀዳ ቆመ።

እዚህ ላይ አስናቀ ይመጣል። አስናቀ የማኅበሩ ዋና ጠጋኝ ነው። እጁ መልካም ነው፣ አልዋሽም፤ ግን ይበላዋል። ካቻቢቴ ከኪሱ አይጠፋም። ሰዓት የሚፈታውን ያህል ሚስት ቢፈታ ኖሮ ደሴ ውስጥ እሱ ያላገባት ሴት አትገኝም ነበር።

"ጥርሱ ነው" አለ ገና ሳያየው። ፈታው፤ ዘይት ቀባው፤ ገጠመው። ሰዓቱ ተሰቀለና ቆመ። በሚቀጥለው ሰንበት ደግሞ "ሞላው ነው" አለ። ፈታው፤ አጠበቀው፤ አላላው። ተሰቀለ፤ አሁንም ቆመ።

"እቤቴ እኮ ሌት ተቀን ይሄዳል!" አለች ደብሪቱ።

"እቤትሽ ሲሄድ ማን አየው? እኔን ከሰማሽ ሆዱን አውጥተን በባትሪ የሚሠራ ማሽን እንግጠምለት። ለመልኩ እንደሆነ ምንም አይሆንም።"

ፊቷን ባያችሁት! "አስናቀ፣ የአባቴን ድምፅ አውጥተሽ ሬሳውን ስቀዪው ነው የምትለኝ?" አለችና ሰዓቱን ከእጁ ነጠቀችው።

ሐጂ ይማም ጣልቃ ገቡ። "ልጄ፣ ሥርዓት ሥርዓት ነው። መምህር ሁሴንም፣ ልብስ ሰፊው ባየም በዚያው ሚስማር ላይ ሰዓታቸው ቆሞባቸው ነው የተመለሱት። ላንቺ ብለን ብናፈርሰው እነሱ ምን ይሉናል? አንድ የመጨረሻ ዕድል ግን ልስጥሽ፤ የማኅበሩ በዓል ዕለት፣ ቀትር ላይ ሰዓቶቹ ሁሉ አብረው ሲደውሉ ያንቺም ከደወለ ሚስማሩ ያንቺ ነው። ካልደወለ ግን በቃ።"

መምህር ሁሴን ሰዓቱን ታቅፎ ከተመለሰ ወዲህ አፍሮ በሐጂ ይማም ደጅ ማለፍ እንደተወ ሁላችንም እናውቃለን። ደብሪቱም ታውቃለች።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ ያን ዕለት ቤቷ ገብታ ሰዓቱን ስትከፍት ያስናቀ ሥራ ምንም አይወጣለትም። ጥርሱ ያበራል። ነገር ግን ከታች ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘውን የናስ ሳህን ገልብጣ ብታየው ጀርባው ተፍቋል። ከኋላው ያለው ጣውላም አዲስ ጭረት አለው። ሳህኑ ከጣውላው ጋር ሲታሽ ነበር ማለት ነው። "እቤቴ የማይነካካውን እዚያ ምን አነካካው?" ብላ ስታሰላስል አደረች።

በዓሉ ደረሰ። ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞላ። ደብሪቱ በአባቷ ወግ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ አስይዛ፣ ሰዓቱን ታቅፋ ገባች። ዳቦው! እኔን ቢጠይቁኝ ለዳቦው ብቻ ሚስማር በሰጠኋት። እሷ ግን ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ከመቀነቷ ክር አወጣች። የሰዓቱን መሙያ ቁልፍ ከክሩ ጫፍ አሰረችና በባዶው ሚስማር ላይ አንጠለጠለችው። ቁልፉ ወረደ፣ ወረደና ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ፊት ለፊት ወዳለው ግድግዳ ሄዳ ያስናቀን ሰዓት በትሕትና አወረደችና ክሩን በእሱ ሚስማር ላይ አንጠለጠለችው። እዚያ ቁልፉ ምንም ሳይነካ ተንጠልጥሎ ቀረ።

"ምንድን ነው ይሄ? ጥንቆላ ነው?" አለ አስናቀ።

"ግንበኛ ቱንቢ የሚለው ነው። ያ ግድግዳ ራሱን ወደ ገደሉ ጥሏል። ሳህኑ ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል ጣውላው ይነካዋል። ሰዓቴ ደህና ነው።"

"ሰበብ አትፈልጊ! ግድግዳ ሰዓት አቁሞ ያውቃል?"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ደብሪቱ ግን አልተናደደችም። "እንግዲያው ሚስማር እንቀያየር" አለችው። "ያንተን እዚህ፣ የኔን እዚያ።"

ያስናቀ ሰዓት የማኅበሩ ኩራት ነው፤ ቆሞ አያውቅም። ሰው ሁሉ ወደሱ ዞረ። "እሺ!" አለ ደረቱን ነፍቶ። "የኔ ከቆመ ይኼን ጢሜን እላጫለሁ!"

ተቀያየሩ። ያስናቀ ሰዓት ትንሽ እንደሄደ ድምፁ ሻከረ፤ ሳህኑ ጣውላውን ፍቅ፣ ፍቅ ያደርግ ጀመር፤ ከዚያ ጸጥ። አስናቀ ሄዶ ነካ አደረገው። ተንቀሳቀሰና ደግሞ ቆመ። ደብሪቱ እሱን አላየችውም፤ ዓይኗ የአባቷ ሰዓት ላይ ነው። እኔም ዳቦዬን ረስቼ ነበር፤ ይህ በኔ ታሪክ ያልታየ ነገር ነው።

ቀትር ሆነ። ሰዓቶቹ አንድ ላይ ተነሡ፤ ቀጭኑም ወፍራሙም። ከሁሉ መሀል ያ የዳቦ ቤቱ ደወል ጎርናና ድምፁን ለቀቀው። ቤቱ ተሞላ! በመንገድ የሚያልፉ አንዲት አሮጊት ደጁ ላይ ቆመው "ውይ በሞቴ! የወልዴ ሰዓት አይደለም እንዴ? ትኩስ ዳቦ ወጣ?" ብለው ጮኹ። ደብሪቱ ያን ጊዜ እየሳቀች አለቀሰች። እልልታው ቀለጠ፤ እኔም አላፍርም፣ እንደ ሴቶቹ እልል አልኩ።

ግድግዳው በሳምንቱ ፈርሶ እንደገና ተገነባ። አስናቀም ቃሉን አከበረ፤ ተላጭቶ ሲመጣ የገዛ ውሻው ጮኸበት ይባላል። ደብሪቱ እስከ ዛሬ ባለ ሚስማር ናት፤ ያውም ያስናቀን ሚስማር ነው የያዘችው፣ "ልመልስልህ" ብትለው እምቢ አለ።

አባባሏን ረሳት እንዳትሉኝ። እልልታው ገና ሳይበርድ፣ አስናቀ ሆዬ ልማዱ አልለቀው ብሎ ካቻቢቴውን መዘዘና የገዛ ሰዓቱን ሆድ ሊፈታ ተጠጋ። ሐጂ ይማም እየሳቁ እጁን ያዙት፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

"ተው አንተ ሰው! ይልቅ ሂድና ግንበኛ ጥራልኝ። ለመምህር ሁሴንና ለባየ ንገርልኝ፤ ሰዓታቸውን ይዘው ይምጡ፣ ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን። የኛ ነገር እኮ ጉድ ነው ጃል፤ ግድግዳው ዘመመ፣ ሰዓቱ ታከመ!"