የአቶ ድልነሳሁ ሳጥን

በአንድ መሥሪያ ቤት ከጣቶቿ ይልቅ ምላሷ የሚፈጥን የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። የቢሮው አሮጌ ኮምፒውተሮች ፊደልና መስመር እንጂ ሥዕል አያሳዩም። እሷም የየሠራተኛውን ስም በመስመር በታጠረ ሳጥን ውስጥ አድርጋ ስክሪኑ ላይ ደረደረችው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ድልነሳሁ ይህን ሲያዩ ደማቸው ፈላ። "የእኔና የዘበኛው ሳጥን እኩል በአንድ መስመር ይታጠር?" አሉና የራሳቸውን በድርብ መስመር አሳጠሩ። ምክትላቸውም ድርብ ማስደረጉን ሲሰሙ፣ እሳቸው ሦስት አስደረጉ፤ አላረካቸውምና አምስት አደረሱት።

"ጌታዬ፣ ሳጥኑ ወደ ውጭ አይሰፋም፤ እያንዳንዱ መስመር የፊደል ቦታ ይወስዳል" ብትላቸው፣ "የታዘዝሽውን ሥሪ" አሏት። ሠራች።

ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች የመጡ ቀን አቶ ድልነሳሁ ደረታቸውን ነፍተው ስክሪኑን አሳዩ። በአምስት ዙር አጥር መሀል "ድ" ብቻዋን ቁጭ ብላለች። እንግዶቹ ተያዩ።

"ስሜን የት አደረግሽው?" አሉ አቶ ድልነሳሁ። "ከአጥሬ አንዲት መስመር ሳትነኪ አሁኑኑ ስሜን ሙሉውን ካላሳየሽኝ፣ ነገ እዚህ ቢሮ እንዳላይሽ።"

ሴትየዋ ስክሪኑን ትንሽ አየት አደረገችው።

"ይቻላል ጌታዬ" አለች። "የዘበኛው የጋሽ ቢተው ሳጥን ባለ አንድ መስመር ስለሆነ ውስጡ ሰፊ ነው። እሳቸው ከፈቀዱ፣ እዚያ በደባልነት ላስገባዎት።"