የጳጉሜ ቅናተኞች

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ እናንተም «እሺ» በሉኝ። እሺ ካላችሁ ጆሯችሁን ወዲህ።

መጀመሪያ ግን ስለ ጳጉሜ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ይኼን ካላስረዳሁ ተረቱ አይገባም። ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ ያላት ወር ናት። አሥራ ሁለቱ ወሮች ሠላሳ ሠላሳ ቀን ተሸክመው ሲንጎራደዱ፣ እሷ አምስቱን ቀን በመዳፏ ይዛ ጥግ ላይ ትቆማለች። በአራት ዓመት አንዴ ስድስተኛ ቀን ሲጨመርላት ደረቷን ትነፋለች፤ በማግስቱ ይወሰድባታል። እንዲህ ያለች ወር ካልቀናች ማን ይቀናል? ለዚህ ነው በጳጉሜ ቅናቱን የሚደብቅ የሌለው። ሰው ብቻ አይምሰላችሁ፤ ዕቃውም ሆዱ ያለውን ያወራል። መስከረም ሲጠባ ሁሉም አፉን ይዘጋል።

አሁን ደግሞ የጳጉሜ ማለቂያ ላይ አዲስ አበባን አስቡ። በካላንደሩ ክረምት የሚወጣው መስከረም ሃያ አምስት ነው፤ ለከተማው ሰው ግን አደይ አበባ ከፈነዳች ጸደይ ገባ ማለት ነው። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ኢሬቻ ይከታተላሉ። አንዱ በዓል ሳይወጣ ሌላው በር ያንኳኳል። ታዲያ በዓል ሲበዛ ማን ምን ለበሰ፣ የማን ደጅ ደመቀ መባባሉም ይበዛል።

በአንድ ሰፈር ፍሬገነት የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በእንቁጣጣሽ ጠዋት አደይ ይዛ፣ ከበሮ እየተመታላት፣ ከጓደኞቿ ጋር በየቤቱ ደጅ መዝፈን። አውጪዋ እሷ ናት። አውጪ ማለት ግጥሙን ቀድማ የምታወጣዋ ናት፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል።

በዚያው ሰፈር ሳምራዊት ነበረች። የሳምራዊት አባት አቶ ደገፋው ድንኳንና ሞንታርቦ ያከራያሉ። ሞንታርቦ ያ ቁም ሳጥን የሚያክለው ድምፅ ማጉያ ነው። ለልጃቸው እንቁጣጣሽ ብለው ሜዳው ላይ ድንኳን ተክለዋል፣ ሞንታርቦም አቁመዋል። ቀሚሷም አዲስ ነው። ፍሬገነት ያንን ቀሚስ ባየች ቁጥር የራሷን ቀሚስ ጫፍ በእጇ ትሸፍናለች፤ እጥፉ ተለቆ ሲረዝም የቀረው መስመር ይታያላ።

በጳጉሜ የመጨረሻ ቀን ጠዋት ረድኤት መጣች። ከተቀባዮቹ ሁሉ ድምፀ ጎርናናዋ እሷ ናት።

«ከበሮው ደረቀ?»

«ትንሽ ቀርቶታል።»

«ማን ዝናብ ላይ አውጪው አለሽ?»

«ከእኛ ጋር ይደግ ብዬ ነዋ።»

ለማያውቅ ላስረዳ። ጳጉሜ ሦስት ቀን፣ በሩፋኤል፣ የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ይባላል። ልጆች እየዘለሉ ይታጠቡበታል፤ አሳድገን ብለው ይለምኑበታል። ፍሬገነትም ከበሮው አነሰብኝ ብላ ዝናቡ ላይ ይዛው ወጣች።

«አድጓል እኮ» አለች ረድኤት፣ የላላውን ቆዳ በጣቷ እየጫነች። «ሆዱ ወርዷል። ስሚ ፍሬ፣ ይኼ ከበሮ ነገ ካልጮኸ እኛ ሳምራዊት ጋ ነን። እሷ ሞንታርቦ አላት። ያለ ከበሮ እንደ ጠፋ በግ በየደጁ ስንጮህ አንውልም።»

ብላ ሄደች። ፍሬገነት ከበሮው ፊት ተንበረከከች።

«ከበሮ ከበሮ፣ ድም በልልኝ።»

«አልልም» አለ ከበሮ። «መርጠቤስ ይሁን፣ እደርቃለሁ። ያ ሞንታርቦ እያጓራ እኔ ድም ብል ማን ሊሰማኝ? ስንት ሠርግ ያሞቅኩ ሰውዬ ዛሬ ሽቦ ያለው ቁም ሳጥን ይብለጠኝ? መጀመሪያ እሱ ዝም ይበል።»

ፍሬገነት ወደ ሜዳው ሮጠች። ሞንታርቦ ድምፁን እየሞከረ ነው።

«ከበሮ ድም አልልም ብሎ፣ እኔ ሳልዘፍን ልቀር ነው። ሞንታርቦ፣ ዝም በልልኝ።»

«ቼክ፣ ቼክ። አልልም» አለ ሞንታርቦ። «አንድ፣ ሁለት። ድንኳንን እይው። ሰው ሁሉ እሱ ውስጥ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይጎራረሳል። እኔን ውጭ አጥር ሥር ያቆሙኛል፤ የሚጠጋኝ ሰው ጆሮውን ይዞ ነው። ድንኳን መሃል ያስገባኝ፣ ያኔ ዝም እላለሁ። ቼክ።»

ፍሬገነት የድንኳኑን ገመድ ነካ አደረገች።

«ሞንታርቦ ዝም አልልም ብሎ፣ ከበሮ ድም አልልም ብሎ፣ እኔ ሳልዘፍን ልቀር ነው። ድንኳን፣ ሞንታርቦን አስገባልኝ።»

«አላስገባም» አለ ድንኳን በደከመ ድምፅ። «የኔ ልጅ፣ እኔ በተተከልኩ ቁጥር መንገደኛው ምን ይላል መሰለሽ? ‹ማን ሞተ?› ነው የሚለው። ለሠርግ ቆሜም ‹ማን ሞተ?› ለክርስትና ቆሜም ‹ማን ሞተ?› ችቦን ግን አይተሽዋል? አንድ ቀን ለቅሶ ሄዶ አያውቅም። ያዩት ሁሉ ይስቁለታል። እሱ ደጄ ላይ ይቁም፤ ያኔ በዓል መሆኑ ይታወቅልኛል፣ ሞንታርቦንም አስገባለሁ።»

ችቦ ከአስፋልቱ ዳር አጥር ተደግፎ ለሽያጭ ቆሟል። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማታ የሚለኮሰው የእንጨት እስር ማለት ነው።

«ድንኳን ሞንታርቦን አላስገባም ብሎ፣ ሞንታርቦ ዝም አልልም ብሎ፣ ከበሮ ድም አልልም ብሎ፣ እኔ ሳልዘፍን ልቀር ነው። ችቦ፣ ድንኳኑ ደጅ ቁምልኝ።»

«አልቆምም» አለ ችቦ። «የምነድደው እኔ፣ የምረገጠው እኔ። አደይን ወገቤ ላይ ሲሰኩብኝ ግን ‹አበባዋ ስታምር› ይላሉ። የያዛትን እንጨት ‹ሲያምር› ያለ ሰው አለ? ዘንድሮ ደግሞ እሷም ናቀችኝ፣ ማዶ ሆና ታየኛለች። መጥታ ትቀፈኝ፣ ያኔ የትም እቆማለሁ።»

አደይ ከቦዩ ዳር በቅላለች፤ ቢጫዋ ዓይን ይወጋል።

«ችቦ ደጅ አልቆምም ብሎ፣ ድንኳን ሞንታርቦን አላስገባም ብሎ፣ ሞንታርቦ ዝም አልልም ብሎ፣ ከበሮ ድም አልልም ብሎ፣ እኔ ሳልዘፍን ልቀር ነው። አደይ፣ ችቦን እቀፊልኝ።»

«አላቅፍም» አለች አደይ። «እኔ በዓመት አንዴ፣ ያውም ለጥቂት ሳምንት ነው የምወጣው። ሰው ሳይዘራኝ፣ ሳያጠጣኝ ይመጣና ከነጭቃዬ ይነቅለኛል። ያቺ ጽጌረዳ ዓመቱን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ፣ ሪባን አስራ፣ በስልክ ትታዘዛለች። ሪባኗን ትስጠኝ። አንድ ቀን እኔም ልታሰርበት፣ ያኔ ችቦን አቅፋለሁ።»

ፍሬገነት መንገዱን ተሻግራ የእትዬ የሺመቤት አበባ ቤት ገባች። ጽጌረዳ ባልዲ ውስጥ ናት።

«አደይ ችቦን አላቅፍም ብላ፣ ችቦ ደጅ አልቆምም ብሎ፣ ድንኳን ሞንታርቦን አላስገባም ብሎ፣ ሞንታርቦ ዝም አልልም ብሎ፣ ከበሮ ድም አልልም ብሎ፣ እኔ ሳልዘፍን ልቀር ነው። ጽጌረዳ፣ ሪባንሽን ስጪልኝ።»

«አልሰጥም» አለች ጽጌረዳ። «እህቶቼ ውጭ አገር ሊሸጡ አውሮፕላን ተሳፍረው ሄዱ፤ እኔ አንገቴ ትንሽ ጠመም ስላለ ቀረሁ። እሱንም ችዬው ነበር። ግን ያ ሥዕል ከበላዬ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ የገባ ሁሉ እሱን ነው የሚያየው። እኔ በሦስተኛው ቀን እረግፋለሁ፤ እሱ ዓመት ሙሉ አይጠወልግም። ከዚያ ይውረድልኝ፣ ሪባኔን እሰጣለሁ።»

«ምን አለችሽ?» አሉ እትዬ የሺመቤት ከጠረጴዛቸው ሳይነሱ።

«በሥዕሉ ቀናች።»

«ጠዋት ደግሞ በእኔ ሻሽ ስትቀና ነበር። ብቻ በሩን አትዝጊብኝ።»

ሥዕሉ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ነው። ልጆች አበባ ወይ መልአክ ይስሉና ለጎረቤት ያበረክታሉ፤ የሚያበረክቱት በበዓሉ ቀን ነው፣ ይኼ ግን ቀደም ብሎ መጥቷል። ፍሬገነት አንገቷን ቀና አደረገች።

«ጽጌረዳ ሪባኗን አልሰጥም ብላ፣ አደይ ችቦን አላቅፍም ብላ፣ ችቦ ደጅ አልቆምም ብሎ፣ ድንኳን ሞንታርቦን አላስገባም ብሎ፣ ሞንታርቦ ዝም አልልም ብሎ፣ ከበሮ ድም አልልም ብሎ፣ እኔ ሳልዘፍን ልቀር ነው። ሥዕል፣ ከግድግዳው ውረድልኝ።»

«አልወርድም» አለ ሥዕል። «እኔ ያለቁ ሥዕሎች ያስቀኑኛል። እስኪ ደህና አድርገሽ እዪኝ።»

አየችው። ልጆች ክብ ሠርተው ይዘፍናሉ፤ አፋቸው እንደ በር ተከፍቷል። መሃል ላይ ከበሮ የያዘችው ልጅ ቀሚስ ጫፉ ላይ መስመር አለው። ከክቡ ወጣ ብላ ደግሞ አንዲት ልጅ ቆማለች። የዚያችኛዋ ፊት ባዶ ነው።

«ፊቷን ሳትሥል ሰቀለችኝ» አለ ሥዕል። «ሳምራዊት ትጨርሰኝ፤ ያኔ እወርዳለሁ።»

ሳምራዊት። ሌላ ሰው ጠፍቶ ሳምራዊት። ፍሬገነት እግሯን እየጎተተች ወደ ሜዳው ተመለሰች። ሳምራዊት አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ በተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተቀምጣለች።

«ሥዕል ከግድግዳ አልወርድም ብሎ፣ ጽጌረዳ ሪባኗን አልሰጥም ብላ፣ አደይ ችቦን አላቅፍም ብላ፣ ችቦ ደጅ አልቆምም ብሎ፣ ድንኳን ሞንታርቦን አላስገባም ብሎ፣ ሞንታርቦ ዝም አልልም ብሎ፣ ከበሮ ድም አልልም ብሎ፣ እኔ ሳልዘፍን ልቀር ነው። የዚያችን ልጅ ፊት ጨርሺው።»

«የኔ ፊት ነው» አለች ሳምራዊት።

«ታዲያ ለምን አትሥዪውም?»

«አፉ የተከፈተ ይሁን የተዘጋ አላውቅማ።»

«እንዴት?»

«የሚዘፍነው ሞንታርቦው ነው። እኔ ከንፈሬን ነው የማንቀሳቅሰው።» ቀሚሷን አከክ አከክ አደረገች። «አምና የኛ ደጅ ላይ ግጥሙ ጠፍቶሽ ‹ምናምን ምናምን› ብለሽ ሞላሽው። ረድኤት በሳቅ መሬት ቁጭ አለች። እኔ ከመስኮት ሆኜ አየኋችሁ። ራት አልበላሁም ያን ቀን።»

«በእኔ ቀንተሽ?»

«በማን ልቅና ታዲያ?»

«እኔ እኮ በዚህ ቀሚስ ሁለት ሳምንት ነው የተቃጠልኩት።»

«ያሳክካል።»

ከዚያ ሳምራዊት «አስገቢኝ» አለች። «ከበሮው አጠገብ፣ ካንቺ ቀጥሎ። ያኔ አፌን ከፍቼ እሥለዋለሁ።»

ፍሬገነት ድንኳኑን አየች። ሞንታርቦውን አየች። ቀሚሱን አየች። ይኼ ሁሉ እያላት ከበሮውንም? አንድ የቀረኝን?

«አላስገባም» አለችና ጀርባዋን ሰጠቻት። እየሄደችም፣ ቀኑን ሙሉ ስትለው ስለዋለች አፏ በራሱ ጊዜ ጀመረ፦

«እኔ ሳምራዊትን አላስገባም ብዬ፣ ሳምራዊት ፊቷን አልሥልም ብላ፣ ሥዕል ከግድግዳ አልወርድም ብሎ፣ ጽጌረዳ ሪባኗን አልሰጥም ብላ፣ አደይ ችቦን አላቅፍም ብላ፣ ችቦ ደጅ አልቆምም ብሎ፣ ድንኳን ሞንታርቦን አላስገባም ብሎ፣ ሞንታርቦ ዝም አልልም ብሎ፣ ከበሮ ድም አልልም ብሎ፣ እኔ ሳልዘፍን ልቀር...»

ቆመች። የነገሩ መጀመሪያም እሷ፣ መጨረሻውም እሷ።

«ሰማሽው?» አለች ሳምራዊት ከወንበሩ ላይ።

«ሰማሁት» አለች ፍሬገነት። ጆሮዋ ቀልቷል። «እሺ ነይ። ከበሮውን ግን የምይዘው እኔ ነኝ።»

«ያዢው። እኔ ልምታው።»

«አንዴ።»

«ሁለቴ።»

«ሁለቴ። ከዚያ ተራውን ለረድኤት ትለቂያለሽ።»

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! ሳምራዊት ፊቷን ሣለች፣ አፉንም ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሥዕል ከግድግዳ ወረደ። ጽጌረዳ ሪባኗን ሰጠች። አደይ በሪባን ታስራ ችቦን አቀፈች። ችቦ ድንኳኑ ደጅ ቆመ። ያለፈ ሁሉ «የማን ሠርግ ነው?» እያለ ጠየቀ፤ ድንኳን በደስታ ሸራው ተርገበገበ፣ ሞንታርቦንም አስገባ። «ይኼን ሁሉ ገመድ ያስጎተታችሁኝ ለዝምታ ነው?» አሉ አቶ ደገፋው እየጎተቱ። ሞንታርቦ መሃል ላይ ተንሰራፋና «ቼክ» አለ፤ ከዚያ ዝም።

ሲመሻሽ አደይ ከነሪባኗ ተፈትታ፣ ችቦው ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ተለኮሰ። ፍሬገነትና ሳምራዊት ከበሮውን ለሁለት ይዘው ወደ እሳቱ አስጠጉት። ቆዳ ሙቀት ሲያገኝ ውሃው ይወጣል፣ ይወጠራልም፤ ከበሮ መቺዎች ሁሉ ያውቁታል። ከበሮው ሆዱን ወደ ውስጥ ሰበሰበ። ድም ግን አላለም። ጠዋትን ይጠብቃል።

መስከረም አንድ ጠባ። ጳጉሜ ቀኖቿን ሰብስባ ሄደች፤ አደይም፣ ጽጌረዳም፣ ድንኳንም አፋቸውን ዘጉ። ሰፈሩ ጸጥ አለ። ልጆቹ የመጀመሪያው ደጅ ላይ ክብ ሠሩ፣ ረድኤትም «እስኪ እናያለን» ብላ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ፍሬገነት ከበሮውን አቀፈች፣ ሳምራዊት መዳፏን አነሣች።

ድም።

ሁለተኛ። ድም። ሦስተኛም ጨመረች።

«ሁለቴ ነው ያልነው» አለች ፍሬገነት። ትንሽ ቆጥቁጧታል፤ አልዋሻችሁም። ግን ሳምራዊት አፏን እንደ ሥዕሉ ከፍታ ግጥሙን እየጠበቀች ነበርና፣ ፍሬገነት አወጣችላት።

ተረቴን በደጃችሁ ዘፍኜ ጨረስኩ። የዳቦ ቁራሼን ስጡኝና ወደሚቀጥለው ቤት ልለፍ።