ለትልቅ ልጅ የሚሆን ካባ

አንድ አናጢ ነበር። ስሙ ደምሴ ይባላል። በሠራቸው በሮችና መስኮቶች ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ሥራውም ንግግሩም በልክ የሆነ፣ ለቀልድ እምብዛም ጊዜ የሌለው ሰው ነበር።

ይህ አናጢ ማኅደር የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረችው። ማኅደር ትንሽ ሳለች ቤቱ በእሷ ጨዋታ ይታመስ ነበር። የእናቷን ነጠላ ተከናንባ ሙሽራ ትሆናለች፤ የአባቷን ኮት አጥልቃ ዳኛ ትሆንና ድመቷን ምስክር አድርጋ ታቀርባለች። ኋላ ግን በአንድ ክረምት ሽቅብ ተመዘዘችና ቁመቷ እናቷን አለፈ። ጎረቤቱም ባያት ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ አሁንማ ትልቅ ሴት ሆነሻል!» ይላት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ጨዋታውን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ስትራመድም ቁመቷን የምትደብቅ ይመስል ትከሻዋን ሰብሰብ፣ አንገቷን ቀለስ ማድረግ ለመደች።

አንድ ቀን ታዲያ ከትምህርት ቤት ፊቷ በርቶ መጣች።

«አባዬ! ለወላጆች ቀን በምናሳየው ቲያትር ንጉሡን ሆኜ እንድጫወት እኔ ተመረጥኩ። ካባ ያስፈልገኛል» አለችው።

ደምሴ የያዘውን ሜትር ሳያስቀምጥ ሳቀ። «አንቺን የምታህል ልጅ ደግሞ ንጉሥ ንጉሥ ትጫወታለች?»

ክፉ አስቦ አልነበረም። አፉ ላይ የመጣለትን ነው የተናገረው። ማኅደር ግን ደብተሯን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፤ ስለ ካባውም ዳግመኛ አላነሳችም።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቱ ጥሩነሽ ቁርሱን አቅርባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «እስከ ዓርብ ልብሱን ይዛ ካልቀረበች ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል ተብላለች። ልጅህን ቀና ብላ ስትሄድ ያየኋት ትናንት ገና ነበር፤ አንተ መልሰህ አስጎነበስካት» አለችው። ደምሴ ያነሳውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። ሥራውን ለዚያ ቀን ትቶ ወደ ገበያ ወጣ።

መጀመሪያ የልጆች ልብስ ወደሚሸጥበት ሱቅ ገባ። የንጉሥ፣ የሐኪም፣ የአብራሪ፣ የአንበሳም ልብስ ሳይቀር ተደርድሮ ተሰቅሏል። «ትልቁን ቁጥር አሳየኝ» ቢለው ባለ ሱቁ አንዲት አጭር ካባ አወረደለት። ለማኅደር ወገቧ ላይ እንኳ አትደርስም።

«ከዚህ የሚበልጥ የለም?»

«የለም ጋሼ፤ ይሄ ለስምንት ዓመት ልጅ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ደግሞ ምን ብሎ ይጫወታል?»

ደምሴ የገዛ ራሱን ቃል በሰው አፍ የሰማ መሰለው። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ቀጥሎ የሙሽራ ካባ የሚያከራዩበት ቤት ሄደ። እዚያ ያለው ካባ በወርቅማ ክር የተጠለፈ፣ ዓይን የሚያፈዝ ነው፤ ልኩም ይሆናል። ኪራዩ ግን የሳምንት ሥራውን ጠራርጎ የሚወስድ ነበር። «የምትለብሰው ልጅ ናት» ሲል ደግሞ አከራይዋ ካባውን ቀስ ብላ ከእጁ ተቀበለችና መልሳ ሰቀለችው።

ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ሲመለስ በልባሽ ጨርቅ ተራ አለፈ። እማማ ሙሉሸዋ የሚባሉ አሮጊት እንደ ልማዳቸው የልብስ ክምር መሃል ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ መቼም እርስዎ ዘንድ የንጉሥ ካባ አይጠፋም» አላቸው፤ ለቀልድ ያህል።

«ካባስ የለኝም። ለማን ነው?»

«ለልጄ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ለጨዋታ እንኳ ትንሽ አድጋለች...»

«እንግዲያው ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ምን ያደርግልሃል?» አሉ አሮጊቷ። «እኔ ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ። ትንሹ የሰጠኸውን ይለብሳል። ትልቁ ግን ግማሹን ራሱ ካልሠራው ልብሱ የእሱ አይሆንም። ለእሷ ሰፋ ያለ ጨርቅ ይዘህላት ግባ፤ የቀረውን ለእሷ ተወው።»

ይህን ብለው ከክምሩ ሥር አንድ ትልቅ ቀይ የከፋይ መጋረጃ ጎትተው አወጡ። ደምሴ ዋጋውን ሲሰማ ዳግመኛ ጠየቀ፤ ከአንድ ኪሎ ምስማር አይበልጥም። ሲዘረጋው ግን አንዱ ጎኑ በፀሐይ ነጥቶ አየ። ልቡ ቅር እያለው ገዛው።

ማኅደር ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አደረገላት።

«ልጄ፣ ትናንት ያልኩሽ ነገር ስህተት ነበር። ከተማውን ዞሬ ካባ አጣሁልሽ። ያገኘሁት መጋረጃ ነው፤ እሱም ጎኑን ፀሐይ በልቶታል» አላት።

ማኅደር ጨርቁን ዳበሰችው። የነጣውን ጎን አገላብጣ አየች። ደምሴ የሙሽራውን ካባ ተበድሬም ቢሆን ላምጣላት ይሆን ሲል አሰበ። በዚያ መሃል ልጅቱ መጋረጃውን ብድግ አድርጋ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና ክፍሉን አንዴ ዞረችው።

«አባዬ፣ ይሄ ንጉሥ እኮ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር አይደለም» አለች ዓይኗን ጨፍና። «ዘመኑን ሁሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የድሃ አቤቱታ ሲሰማ የኖረ ነው። ፀሐይዋ ሁልጊዜ በቀኙ በኩል ነበር የምታገኘው።»

ደምሴ ሊደብቀው የፈለገው ጉድለት በአንድ ዓረፍተ ነገር ክብር ሲሆን አየ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ እንደ ድሮው ታመሰ። ጥሩነሽ አንገትጌውን ሰፋች። ደምሴ ከመላጊያው ሥር ተጠቅልሎ የሚወጣውን የእንጨት ፍቅፋቂ ቢጫ ቀለም ቀብቶ ዘውድ ሠራላት። ልምምድ ሲሆንም አቤት ባይ ሆኖ እንዲቀርብ ታዘዘ። ያ ቁጥብ ሰው ተንበርክኮ «ንጉሥ ሆይ፣ የጎረቤቴ ፍየል ሱሪዬን በላችብኝ!» እያለ ሲጮህ ጎረቤቶቹ በመስኮት እያጮለቁ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ማኅደር መድረኩ ላይ ስትወጣ ትከሻዋን ዘርግታ፣ ቁመቷን ሳትሰስት ቆመች። ገና አፏን ሳትከፍት ግን ከኋላ አንድ ልጅ «መጋረጃ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ደምሴ ከወንበሩ ሊነሣ ቃጣው፤ ጥሩነሽ እጁን ያዘችው።

ማኅደር ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያም በጎርናና ድምፅ «እውነት ነው፤ እኛ እስክንለብሰው ድረስ መጋረጃ ነበር። ይህ ሰው እውነት ስለተናገረ አይቀጣም። ሌላ አቤቱታ ያለው ይቅረብ!» አለች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አብልጦ ያጨበጨበው ያው የጮኸው ልጅ ነበር።

ልጆች ሲያድጉ ጨዋታ የጠላቸው ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን በልካቸው መስፋት ቀድመን የምናቆመው እኛ ነን። ትልቅ ልጅም እንደ ትንሹ ሌላ ሰው ሆኖ ማየት ይፈልጋል፤ ምናልባትም ከትንሹ ይበልጥ፣ ምክንያቱም ነገ ማን እንደሚሆን የሚሞክረው በዚያ ነው። ለዚህ ደግሞ ውድ ልብስ አያስፈልገውም። ሰፋ ያለ ጨርቅ፣ የማያሾፍ ቤተሰብና አብሮት የሚንበረከክ አንድ ሰው ይበቃዋል።

እርስዎስ፣ በቤትዎ በቅርቡ ዝም ያለ ትልቅ ልጅ አለ? ዛሬ ምን ሆኖ መጫወት እንደሚያምረው ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቁት መቼ ነው?