ለግራ እጅ የማይከፈት በር

አንድ ዓይነ ስውር ደንበኛችንን እምቢ ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። ድርጅታችን የኮምፒውተር ጨዋታ ይሸጣል፤ ገዢዎች የገዙትን አውርደው የሚከፍቱት እኛ በሠራነው ፕሮግራም ነው። ለእኚህ ደንበኛ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብላቸው መሣሪያ የእኛን ፕሮግራም ማንበብ ስላቃተው፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ኮድ አሳዩኝና ራሴ ላብጀው ብለው ጻፉልን። ምስጢራችን ነው፣ ይታገሱ፣ እኛው እናስተካክለዋለን አልኳቸው። አላስተካከልነውም።

ሰሞኑን ኮዱን ለሁሉም ክፍት እናድርገው ስል፣ የሥራ ባልደረባዬ ኢዮስያስ «ገበናችንን አደባባይ ልናሰጣው ነው? ሌባ ቢገባብንስ?» አለኝ። ይህን ነገርኩት።

አንድ ሀብታም ሰው ነበረ። የድንጋይ ጎተራ ስለነበረው የመንደሩ ሰው እህሉን እሱ ዘንድ ያስቀምጥ ነበር። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሰጥቶ፣ ሐሜት እንዳይነሳ ደንብ አወጣ፤ ሁሉም በገዛ እጁ ይከፍታል፣ ሰው ለሰው አይከፍትም። ቀኝ እጇ የሰለለ አንዲት መበለት ግን ቁልፉን ብታዞርም መወርወሪያው ከበዳት። «ጌታው፣ ወንድሜ አናጢ ነው። በሩን ከውስጥ ይየውና ለግራ እጄ ያመቻችልኝ» አለችው። ሰውየው የበሩ አሠራር ከታየ ጎተራው ይዘረፋል ብሎ ፈራ። ራሴ አሠራዋለሁ፣ ታገሺ አላት። ከዚያ ለንግድ ቆላ ወረደና ረሳው።

ዝናቡ መጣ። ዘሯ ከበሩ ወዲያ፣ እሷ ከበሩ ወዲህ ሆነች።

ሰውየው ሲመለስ የጎረቤቶቿ ማሳ ለምልሟል፤ የእሷ ጦሙን አድሯል። በመንገዱ ዳር አገኛት። እንዴት ሰነበቱ ብላው መንገዷን ቀጠለች። ያ ሰላምታ እቤቱ ድረስ ተከተለው። በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ፣ ውስጡን ወደ ላይ አድርጎ ደጅ ላይ አጋደመው።

«ምነው ጌታው፣ ጎተራውን ለአይጥ አወረሱት?» ሲሉ መንደርተኞቹ ቀለዱበት።

«ያሳየኋችሁ የበሩን አሠራር ነው» አለ። «ቁልፋችሁ በየወገባችሁ አለ።»

አናጢው መወርወሪያውን ላገና ለግራ እጅ የሚሆን ጠፍር አሰረበት። አንድ ገበሬ ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣ ሌባ ቢላ ሰዶ መወርወሪያውን ሊያነሳበት የሚችል ስንጥቅ አገኘ፤ ደፈኑት። ሰውየው በዚያ ስንጥቅ ላይ ስንት ዓመት ተማምኖ ሲተኛ ኖሯል። በሩ ሲመለስ መበለቲቱ በግራ እጇ ከፈተችው። የዚያ ዓመት አዝመራ ግን አልተመለሰላትም።

ኢዮስያስ፣ በሩ ፕሮግራማችን ነው፤ እህሉም ሰዎች የገዙት ጨዋታ ነው። የይለፍ ቃላቸው በእጃቸው ነው። እኛ የምናሳየው በሩ እንዴት እንደተሠራ ብቻ ነው፤ የሌባውን ስንጥቅም የሚያገኝልን በሩን የሚያየው ሰው ነው።

በሩን ነቅለነዋል። ይህን ጽሑፍ በዚያ መሣሪያ እያስነበቡ የሚሰሙት እርስዎ፣ ዘግይቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።