ያልመጣ ደግፏል

አንድ ማክሰኞ ቀን ነው፤ ያውም ጤፍ አጨዳ ደርሶ ሰው ቀና ማለት ባቃተው ሰሞን። ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አቶ ይርሳው የሚባሉ ኃላፊ መንደራችን ድረስ መጡና ወላጅ ይሰብሰብ አሉ። ነገሩ ያው የፈረደበት ትምህርት ቤታችን ነው። «ይዘጋ፤ ልጆቹ ወንዝ ተሻግረው ከማዶው ጋር ይማሩ» ይላሉ። ያ ወንዝ ክረምት ሲገባ በሬ የሚወስድ ነው። የማንን ልጅ ልንሰጠው ነው?

ከዚያ በፊትም ሁለቴ ሰብስበውን ነበር። መጀመሪያ እጅ አውጥተን እምቢ አልን፤ «በእጅ አይሆንም፣ በወረቀት ነው» ተባለ። በወረቀትም እምቢ አልን፤ «አብዛኛው ወላጅ ካልተገኘ አይጸናም» ተባለ። እኛ ባሸነፍን ቁጥር ሕጉ ይለወጣል እኮ፣ ጉድ ነው!

የዚያን ማክሰኞ የተገኘነው እፍኝ የማንሞላ ሰዎች ነን። አቶ ይርሳው ግን ፊታቸው በርቷል።

«ሕጉ ተሻሽሏል» አሉ። «ከእንግዲህ ያልመጣ ሰው እንደደገፈ ይቆጠራል።»

«ኧረ በሕግ አምላክ! ሰዉ እኮ አጨዳ ላይ ነው!» አለች ጎረቤቴ እታፈራሁ።

«መምጣት ነበረበታ። ያልመጣ ደግፏል፤ አለቀ።»

ይሄኔ አያ ጓንጉል ተነሡ። እሳቸው ነገር የማያልቅባቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ጌታዬ፣ ይሄ ሕግ ለዚህ ስብሰባ ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም?»

«ሕግ ሕግ ነው፤ ለሁሉም ይሠራል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከወሩ መጀመሪያ።»

«እሰይ፣ ተገላገልን! እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰንበቴ ላይ ተሰብስበን ነበር። ‹ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ፣ አቶ ይርሳው ልጆቹን ጠዋትና ማታ በጀርባቸው አዝለው ወንዙን ያሻግሩ› የሚል ሐሳብ ቀረበ። እኔማ ‹ኧረ ነውር ነው፣ ሰውዬው ይጠየቁ› ብዬ ተሟግቼልዎት ነበር። ምን ያደርጋል፣ እርስዎ አልመጡም። ደግፈዋላ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ይርሳው ደንግጠው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«የለም፣ የለም! ምን ሲደረግ? ያልመጣ ሰውማ ተቃውሟል!»

«ተባረኩ!» አሉ አያ ጓንጉል፣ ማጭዳቸውን እያነሡ። «በሉ እንግዲህ አጨዳ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ይቁጠሩልን።»