ራሱን የመዘገበው መዝጋቢ

አንድ ቀን፣ መርዕድ የሚባል አንደበተ ስለታም ፕሮግራመር፣ የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የጻፈውን ኮድ ለአለቃው ለኢንጂነር ልሳነወርቅ ለግምገማ አቀረበ። መሥሪያ ቤታቸው ለአውቶቡሶች የትኬት ማሽን ይሠራል። የመርዕድ ኮድ ደግሞ የማሽኑ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ ባለሙያዎቹ ከርነል የሚሉት ውስጥ ተቀምጦ፣ ሥራ የጀመረውን ፋንክሽን፣ ማለትም የፕሮግራም ቁራጭ፣ ሁሉ በስሙ የሚመዘግብ ነው። ማሽኑ ያስቸገረ ቀን ጥፋተኛው በዱካው ይያዛል። ቅጥሩ የሚጸድቀውም ይህ ከሠራለት ነው።

ኢንጂነር ልሳነወርቅ ዘንድ የገባ ኮድ ሳይነካካ አይወጣም። የሚነቅፉት ቢያጡ አንዲት ባዶ መስመር ይጨምሩና ከላይ «ያስተካከለው፦ ኢንጂነር ልሳነወርቅ» ብለው ይጽፋሉ። ሲብስባቸው ከታችም ይደግሙታል። የለፋው ልጅ ስም የት እንደገባ እግዜር ይወቅ።

የመርዕድን ኮድ አለፍ አለፍ እያሉ አዩና አንድ መስመር ላይ ቆሙ።

«ይሄ ምንድነው? መዝጋቢው ራሱ አይመዘገብም ይላል እንዴ?»

«አዎ ኢንጂነር። ራሱን ከመዘገበ፣ መመዝገቡንም ሊመዘግብ ነው። ከዚያ ማለቂያ የለውም፤ ማሽኑ ይቆማል።»

«ለኔ ነው ከርነል የምታስተምረው? አንተ ዳዴ ስትል እኔ ኮድ እጽፍ ነበር! በኔ ቤት ከቁጥጥር ነፃ የሚሆን የለም!»

መስመሯን ሰረዙ፤ ስማቸውን ከላይም ከታችም ጻፉ። መርዕድ ደጋግሞ ቢለምናቸው ወይ ፍንክች።

በማግስቱ የቦርድ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ እልፍነሽ ባሉበት ማሽኑ ተከፈተ። ትኬት የለም፣ ምን የለም። ስክሪኑ ላይ «መዝጋቢ፣ መዝጋቢ፣ መዝጋቢ» እያለ የራሱን ስም ይደረድር ጀመር። ቢጫኑት አይሰማ፣ ቢደበድቡት አይሰማ።

ኢንጂነሩ ላብ በላብ ሆኑና ጣታቸውን መርዕድ ላይ ቀሰሩ።

«ይኸውልዎ ወይዘሮ እልፍነሽ! የዚህን ልጅ ቅጥር አላጸድቅም የምለው ለዚህ ነው። ምን ጉድ ነው የሠራኸው አንተ? ሥራ አይሠራ፣ የራሱን ስም ብቻ ሲጽፍ የሚውል!»

መርዕድ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ኢንጂነር፣ እኔ ጋ እያለ ጨዋ ነበር። ይሄን አመል ይዞ የመጣው እርስዎ ጋ ውሎ ነው። ‹ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር› ብዬ እንዳልተርት ደግሞ እንጀራዬ ነው።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ተረቱን እኔ እጨርሰዋለሁ፤ አንተ መስመሯን መልስ» አሉና ቅጥሩን እዚያው ፈረሙለት። ኢንጂነሩ ከፊርማው በላይ ስማቸውን የሚጽፉበት ቦታ ሲፈልጉ ነበር አሉ።