የጠጅ ቀጂዋ መዳፍ

አንድ ጠንቃቃ ሐኪም ነበር፤ ስሙ ይርሳው ይባላል። የፈንጣጣ ወረርሽኝ በአገሩ በተነሣ ጊዜ ንጉሡ ክትባት አስይዞ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ላከው። መድኃኒቱ ክንድ ላይ በመርፌ ጫፍ ጫር ተደርጎ የሚሰጥ ነው። የከተማዋ ሰው ሦስት መቶ፣ ብልቃጡም የሚበቃው ለሦስት መቶ ሰው ነበር። ይርሳው ደጋግሞ ለክቶ አረጋግጧል። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ግን መድኃኒቱ ይበላሻል።

በመጀመሪያው ቀን ነጋሪት ተጎሰመ፤ ማንም አልመጣም። በሁለተኛው ቀን ይርሳው ገበያ መካከል ቆሞ ያስረዳ ጀመር።

ሸማኔው ጓንጉል ሳቀበት። "ሐኪም፣ ደህና ነገር ከሆነ ነጋሪት ምን አስጎሰመው? እስከ ዛሬ በነጋሪት የመጣልን ግብርና ጦርነት ነው!"

አንዲት እናት ደግሞ ሕፃኗን አቅፋ፣ "ልጄ ደህና ነው። ደህናውን ልጅ በእጄ ላሳምም?" አለችው።

ይርሳው ለሁሉም መለሰ። ከሺህ ሰው ስንቱን እንደሚያተኩሰው፣ ስንቱ እንደሚድን አንድ በአንድ ነገራቸው። ሰሙት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደየቤታቸው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ወሬ መጣ፦ በሽታው ወንዙን ተሻግሯል! ይርሳው "ጥፋቱ የእኔ ይሆን? ያልነገርኳቸው ምን ቀረ?" እያለ የመድኃኒቱን ሣጥን ታቅፎ ጠጅ ቤት ገባ።

ባለቤቷ እትዬ ማንጠግቦሽ ብርሌውን አንሥታ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፤ ቀመሰችና ሰጠችው።

"ለምን ይቀምሳሉ?" አላት።

"ሳልቀምሰው ብሰጥህ ትጠጣልኛለህ? ይልቅ አንተ የራስህን ቀምሰሃል?"

"አልቀመስኩም፤ ልኩ ለሦስት መቶ ሰው ነው። እኔ ብወስድ የአንድ ሰው ድርሻ ይጎድላል።"

"አዬ ልጄ! አንተ ለሰው አተረፍኩ ትላለህ፤ እነሱ ፈርቶ ነው ይላሉ።" ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረች፤ በፈንጣጣ ጠባሳ የተበሳሳ ነው። "እኔን በልጅነቴ ይዞ ለቆኛል፤ ሁለተኛ አይመጣብኝም። የእኔን ድርሻ ውሰድ። ተነሣ እንጂ!"

ይርሳው ጠጁን ሳይነካ ወደ ገበያው ሮጠ። በሰው ሁሉ ፊት እጅጌውን ሰበሰበ። መርፌውን ብልቃጡ ውስጥ ነከረ።

"እኔም ፈርቻለሁ" አለ ጮክ ብሎ። "በሽታውን ግን የበለጠ እፈራዋለሁ።"

"ጠበቅ አድርገህ ጫረው፤ እንዳትሸውደን!" አለ ጓንጉል።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ይርሳውም ሳቀ፤ ጫረው። ደም ብቅ አለ። ጓንጉል የሐኪሙን ክንድ ትክ ብሎ አየና ኩታውን ወደ ትከሻው ወረወረ። "በል ቀጥል፤ ሙያዬ በዚህ በቀኙ ነውና ግራውን!"

ከዚያ በኋላ ማን ይቁም! ሽማግሌው፣ ባለሱቁ፣ ሙሽራዋ ተጋፉ። ያቺ እናትም ልጇን አቅፋ መጣች። መጀመሪያ የራሷን ክንድ ሰጠች፤ ቀጥሎ የልጇን። ፀሐይዋ ጋራው ጫፍ ላይ ስትደርስ ብልቃጡ ባዶ ነበር። በዚያ ዓመት በሽታው በከተማዋ በር አልፎ ሄደ።

የሚያመነታ ሰው ሁሉ አላዋቂ ወይም ግትር አይደለም። ብዙው ሰው ማስረጃ አጥቶ ሳይሆን ቀድሞ የሚቀምስለት አጥቶ ይቆማል። ፍርሃቱን የሚጋራው ሲያገኝ ይራመዳል።

እርስዎስ ሌላውን "ጠጣ" ከማለትዎ በፊት መዳፍዎ ላይ ጠብ አድርገዋል?